ደረጃዎቹን በቃሌ አውቃቸዋለሁ፤ ፕሮግራሜ ግን የቅሬውን ዳኛ ቀጣብኝ

የጦሳ_ልጅ (ደሴ) ጥቅምት 12፣ ማታ 3:40

ሰላም ለሁላችሁም። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ሰኔ ላይ በኮምፒውተር ትምህርት ተመርቄያለሁ። «የሶፍትዌር አሠራር ደረጃዎችን ዘርዝር» ብትሉኝ ከእንቅልፌ ቀስቅሳችሁኝም እላቸዋለሁ፦ ፍላጎት ማጥናት፣ ትንተና፣ ዲዛይን፣ ኮድ፣ ቴስት፣ ጥገና። ፈተና ላይ ሙሉ ነጥብ ይዤባቸዋለሁ። ባዶ ስክሪን ፊት ስቀመጥ ግን አንዳቸውም ትዝ አይሉኝም። እጄ ቀጥታ ኪቦርዱ ላይ ነው።

የሰፈራችን ቅሬ (ለሌላ አገር ሰው፦ እናንተ ዕድር የምትሉት ነው) 140 አባወራ አለው። መዋጮው በወር 50 ብር ነው፤ ወር ያሳለፈ ሰው 10 ብር ይቀጣል። ጸሐፊው ሽማግሌ ናቸው፣ መዝገቡን በእጃቸው ነው የሚይዙት። «ፕሮግራም ልሥራላችሁ» ብዬ ገባሁበት። በፓይተን (የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ነው) ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ሕጉ ቀላል መሰለኝ፤ መዋጮው በወር አንዴ ከሆነ፣ ሰውየው መጨረሻ ከከፈለበት ቀን 30 ቀን ካለፈው ይቀጣ አልኩ። በአምስት ስም ሞከርኩት፣ ሠራ።

ባለፈው እሑድ ላፕቶፔን ይዤ ስብሰባው ላይ ተገኘሁ። የተቀጪ ዝርዝር ሳወጣ 41 ሰው መጣ። የመጀመሪያው ስም የቅሬው ዳኛ ናቸው። ግቢው በሳቅ ተናጋ። ዳኛውም ስቀው «አብሽር ልጄ» አሉኝ። ጸሐፊው ግን አልሳቁም፤ መዝገባቸውን በጨርቁ ጠቅልለው፣ ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ሄዱ።

ኮዱን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፣ ስህተት የለውም። ታዲያ ምኑ ላይ ነው የወደቅሁት? ደረጃዎቹንስ ከቃል ወደ እጅ እንዴት ነው የምታወርዷቸው?

ቀጥታ_ኮድ ጥቅምት 12፣ ማታ 3:58

ደረጃ ደረጃ አትበል ወንድሜ። ያ የመምህራን ወረቀት ነው። እኔ ስምንት ዓመት በዚህ ሥራ እንጀራ ስበላ አንድም ቀን ዲያግራም ስዬ አላውቅም። ኮድ ጻፍ፣ ይሰበር፣ ጠግን። ሌላው ወሬ ነው።

ሌሊት_ፈረቃ (ኮምቦልቻ) ጥቅምት 12፣ ሌሊት 6:20

እኔ ፕሮግራመር አይደለሁም፤ ፋብሪካ ውስጥ የሽመና ማሽን ጠጋኝ ነኝ። ፓይተን በስልኬ እየተማርኩ ስለሆነ ነው እዚህ የምገባው። አሁን ፈረቃ ላይ ነኝ፣ ማሽኖቹ ዛሬ ሰላም ናቸው።

«ኮዱን ሦስት ጊዜ አነበብኩት» ያልካት ነገር አሳቀችኝ። አዲስ የገባ ጠጋኝም እንደዚያው ነው። ማሽን ሲቆም ሮጦ ሞተሩን ይፈታል፣ ምክንያቱም ሞተር መፍታት ያውቃል። የሚያውቀውን ነው የሚፈታው፣ የተበላሸውን አይደለም። እኔን ያሠለጠኑኝ ሰውዬ መፍቻ አስቀምጥ ብለው እጄን ኪሴ ያስከትቱኝ ነበር። መጀመሪያ፣ የቆመው መቼ ነው? ከመቆሙ በፊት ምን ተነካ? የክር ዓይነት ተቀይሯል ወይ? ከዚያ ለሁለት መክፈል ነው። ኤሌክትሪኩ ነው ወይስ ሜካኒካሉ? ኤሌክትሪኩ ከሆነ፣ ኃይሉ እዚህ ሳጥን ድረስ ይደርሳል ወይስ አይደርስም? እያንዳንዱ ጥያቄ ግማሹን መንገድ ይዘጋልሃል። 1,000 ቦታ ሊሆን የሚችል ብልሽት በ10 ጥያቄ ያልቃል፤ አሥር 2ዎችን እርስ በርስ ብታባዛ 1,024 ነው።

ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ቀይር። ሁለት ነገር ቀይረህ ማሽኑ ቢነሳ የትኛው እንዳስነሳው አታውቅም፤ ነገ ሌሊት እዚያው ነህ።

ያንተን ስከፍለው፦ ኮዱ ያዘዝከውን ሠርቷል፣ አንተም አረጋግጠሃል። ያ ግማሽ ተዘጋ። የቀረው ትእዛዙ ነው።

ዴቢት_ክሬዲት (ደሴ) ጥቅምት 13፣ ጠዋት 2:15

የጠጋኙ ልጅ እጁ ይባረክ። ትእዛዙ ነው።

እኔ ኮድ አላውቅም። ሰኞ ገበያ አካባቢ ነጋዴዎች ዘንድ 19 ዓመት ሒሳብ ይዣለሁ። ልጄ ይህን መድረክ ስለሚያነብ እኔም አነባለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅህ የጦሳ ልጅ፦ ሦስት ሳምንት ስትሠራ መዝገቡን ስንት ጊዜ ገለጥከው?

ገምቼ ልንገርህ፤ አንድም ጊዜ። «ሕጉ ምንድን ነው?» ብለህ ጠየቅህ፣ «በወር 50፣ ያሳለፈ 10» አሉህ፣ ሄድክ። አልዋሹህም። ሰው ሕጉን ስትጠይቀው ስብሰባ ላይ የሚናገረውን ሕግ ነው የሚነግርህ፤ በየቀኑ የሚሠራበትን አይነግርህም፣ ለእሱ ሕግ አይመስለውማ። ነጋዴ «ዱቤ አልሰጥም» ይልሃል፤ ደብተሩን ስትገልጠው ግማሹ ዱቤ ነው።

ስለዚህ ተመልሰህ ሂድ። ላፕቶፕ ይዘህ እንዳትሄድ። እስክሪብቶና ሉክ ያዝ። «ሕጉ ምንድን ነው?» እንዳትል። «ባለፈው ወር ያስቸገርዎት ሰው ማን ነበር?» በላቸው። «እሱንስ እንዴት አደረጉት?» በላቸው። መዝገቡ ላይ ደግሞ ዓምዶቹን ትተህ ዳርና ዳሩን እይ። በእርሳስ የተጫረች ነገር፣ ክብ የተደረገበት ስም፣ በቀይ የተሰመረ። ያች ጭረት ናት ፕሮግራምህን የጣለችው።

ከዚያ አንድ ሙሉ ወር በእጅህ ገልብጥ። አዎ፣ 140ውንም ሰው። እጅህ ይድከም። እዚያ ላይ ነው «ይህ ሰውዬ ለምን አልተቀጣም?» የሚል ጥያቄ የሚመጣልህ።

ጸሐፊውን ይቅርታ መጠየቅም አትርሳ። ሰው ፊት ነው መዝገባቸውን ያሳፈርከው፤ ለእሳቸው እንደዚያ ነው የሚሰማቸው።

ቦርከና ጥቅምት 13፣ ቀን 7:30

ስለ ደረጃዎቹ አመጣጥ ትንሽ ልጨምር፣ ምክንያቱም ያንተ ችግር ከዚያ ጋር የተያያዘ ይመስለኛል።

ሰዎች ሶፍትዌር ሥራ መላ ይፈልጋል ብለው በአደባባይ መጨቃጨቅ የጀመሩት በ1960ዎቹ (በፈረንጅ) መጨረሻ ነው። በ1968 ጀርመን አገር ጋርሚሽ ላይ ኔቶ ባዘጋጀው ጉባኤ «የሶፍትዌር ምህንድስና» የሚለው ስም ጉልህ ሆኖ ወጣ። የጉባኤው ጭንቀት ፕሮጀክቶች ከጊዜ ማለፋቸው፣ ከበጀት ማለፋቸው፣ ሲያልቁም የማይሠሩ መሆናቸው ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1970፣ ዊንስተን ሮይስ የሚባል አሜሪካዊ በጠፈር መንኮራኩር ሶፍትዌር ላይ ከሠራው ሥራ ተነስቶ አንድ ጽሑፍ አቀረበ። ደረጃዎቹ እንደ ፏፏቴ ከላይ ወደ ታች የሚወርዱበት ሥዕል እዚያ ውስጥ አለ። እናንተ ፈተና ላይ የምትስሉት ማለት ነው።

የሚገርመው፣ ሮይስ ያን ሥዕል ያቀረበው «እንዲህ ሥሩ» ብሎ አይደለም። ሥዕሉን ካሳየ በኋላ በዚያው መልክ መሥራት አደገኛ ነው፣ ውድቀት ይጋብዛል ይላል። ምክንያቱ፣ ቴስት መጨረሻ ላይ ከሆነ ጥፋቱ የሚታወቀው መጨረሻ ላይ ነው፤ ያኔ ደግሞ ወደ ዲዛይኑ፣ አልፎም ወደ ፍላጎቱ መመለስ ይመጣል። ከመፍትሔዎቹ አንዱ «ሁለቴ ሥሩት» የሚል ነው፤ አዲስ ነገር ከሆነ፣ ለደንበኛ የሚሰጠው ሁለተኛው ይሁን ማለቱ ነው። «ፏፏቴ» የሚለውን ስምም እሱ አልሰጠውም፤ በኋላ የመጣ ነው። መማሪያዎች ግን ሥዕሉን ያዙ፣ ማስጠንቀቂያውን ተዉት።

እና የጦሳ ልጅ፣ አንተ አልወደቅህም። የመጀመሪያውን ነው የሠራኸው።

ቀጥታ_ኮድ ጥቅምት 13፣ ቀን 7:51

@ቦርከና ታሪክህ ያምራል ግን እኔን ነው የሚደግፈው። ሮይስህም ሥራ፣ ይሰበር፣ ድገም ነው ያለው። በ2001 ዩታ ላይ የተሰበሰቡት 17ቱ የአጃይል (ሶፍትዌርን በትንሽ በትንሹ እየሠሩ ቶሎ ቶሎ የማሳየት አካሄድ) ሰዎችም ከብዙ ዶክመንት የሚሠራ ሶፍትዌር ይሻላል ነው ያሉት።

ቦርከና ጥቅምት 13፣ ቀን 8:05

«ይሻላል» እንጂ «ዶክመንት አያስፈልግም» አላሉም። ያንን ዓረፍተ ነገር ደግመህ አንብበው። ደግሞ ሁለቴ ሥሩ ማለት ሁለቴ ሳያስቡ ሥሩ ማለት አይደለም። ሁለተኛውን የሚያሻሽለው ከመጀመሪያው የጻፍከው ማስታወሻ ነው። ያ ከሌለ ሦስተኛውም አራተኛውም ያው ነው።

ቀጥታ_ኮድ ጥቅምት 13፣ ቀን 8:09

ማስታወሻዬ ጭንቅላቴ ውስጥ ነው 😄

ዴቢት_ክሬዲት ጥቅምት 13፣ ማታ 1:30

እንዲህ የሚሉ ነጋዴዎች ዘንድ ሠርቻለሁ። ግብር ሲመጣ እኔን ነው የሚያስለቅሱኝ።

ሁለተኛ_ዓመት (ኮምቦልቻ) ጥቅምት 14፣ ጠዋት 4:00

እኔ ገና ተማሪ ነኝ፣ ግን አንድ ነገር በእጄ አስልቼ አየሁና ደነገጥኩ። የ30 ቀኗ ሕግህ ዓመቱን ሙሉ ልክ የምትመስል ናት፤ የእኛ ወር ሁሉ 30 ስለሆነ። ጥቅምት 6 የከፈለ ሰው ኅዳር 6 ላይ 30 ቀን ይሞላዋል፣ ታኅሣሥም እንደዚያው። በየወሩ በ6 የሚከፍል ሰው ሁሌም ደህና ነው። ነሐሴ 6 የከፈለ ግን? ነሐሴ እስኪያልቅ 24 ቀን፣ ጳጉሜ 5 ሲጨመር 29። 30ኛው ቀን መስከረም 1 ነው! ሰውየው እንቁጣጣሽ እየተባለለት ፕሮግራሙ «ቀንህ ሞላ» ይለዋል። በዘመነ ሉቃስ ደግሞ ጳጉሜ 6 ስለምትሆን (በ2015 እንደነበረው፣ በ2019ም እንደሚሆነው) 30ኛው ቀን ጳጉሜ 6 ላይ ይውላል።

በአምስት ስም ሞከርኩ ብለሃል። አምስቱም የጥቅምት ቀን ነበራቸው አይደል?

የጦሳ_ልጅ ጥቅምት 14፣ ጠዋት 4:12

አምስቱም የጥቅምት ነበሩ። አምስቱንም የፈጠርኳቸው እኔ ነኝ፤ ስፈጥራቸው ኮዱ እንደሚያልፍላቸው እያወቅሁ ነው የፈጠርኳቸው። ይህን አሁን ስጽፈው ነው የገባኝ።

ሌሊት_ፈረቃ ጥቅምት 14፣ ቀን 9:40

በ1999 (በፈረንጅ) ወደ ማርስ የተላከች የአሜሪካ መንኮራኩር እንደዚህ ነው የጠፋችው። አንዱ ሶፍትዌር ግፊቱን በፓውንድ አስልቶ ይልካል፣ ተቀባዩ ኒውተን ነው ብሎ ያነባል። ሁለቱም ቡድን በየራሱ መለኪያ ልክ የሠራ መስሎት ነበር። አንተ «ወር» ስትል 30 ቀን ማለትህ ነው፣ ጸሐፊው «ወር» ሲሉ መዝገቡ ላይ ያለችው ሳጥን ናት። ቃሉ አንድ፣ ነገሩ ሁለት።

የጦሳ_ልጅ ጥቅምት 20፣ ማታ 2:10

ተመልሻለሁ። እትዬ ዴቢት ክሬዲት፣ እንዳሉኝ አደረግሁ። ላፕቶፑን ቤት ትቼ ግማሽ ኪሎ ቡና ይዤ ሄድኩ። ይቅርታ ስል ጸሐፊው «ምን አጠፋህና» አሉ፤ መዝገቡን ለማውጣት ግን ቡናው በረካ እስኪደርስ ጠበቁ። አቦሉ ላይ ስለ አየሩ፣ ቶናው ላይ ስለ አባቴ። በረካው ላይ ጨርቁ ተፈታ።

አራት ሰዓት ተቀመጥን። ያገኘሁትን በጥቂቱ ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ መዝገቡ ላይ ቀን የሚባል ነገር የለም። 12 ሳጥን ነው ያለው፣ ለእያንዳንዱ ወር አንድ፣ የከፈለ ሰው ሳጥኑ ላይ ምልክት ይደረግለታል። ወሩ እስኪያልቅ በየትኛውም ቀን ቢከፍል አይቀጣም። ዳኛው መስከረምን በ5 ከፍለው ጥቅምትን ገና አልከፈሉም ነበር፤ ጥቅምት ሳያልቅ ነው ፕሮግራሜ የቀጣቸው።

ሁለተኛ፣ ይሄኛው ነው እንቅልፍ የነሳኝ፣ ልጆቻቸው ዓረብ አገር ያሉ ቤቶች የዓመቱን አንዴ ይከፍላሉ። 600 ብር፣ መስከረም ላይ። የእኔ ፕሮግራም የሚያየው መጨረሻ የከፈሉበትን ቀን ስለሆነ በየወሩ ይቀጣቸዋል። ከሁሉም ቀድሞ የከፈለው ሰው ከሁሉም በላይ ባለዕዳ ሆኖልኝ ነበር።

ሦስተኛ፣ መሐመድ አሊ የሚባሉ ሦስት ሰዎች አሉ። ጸሐፊው በእርሳስ «የወፍጮው»፣ «የላዩ»፣ «ረጅሙ» ብለው ለይተዋቸዋል። እኔ በስም ነበር የምፈልገው፤ ሦስቱም አንድ ሰው ሆነው የአንዱን ክፍያ ለሌላው ጽፌያለሁ።

አራተኛ፣ ቀይ መስመር ያለበት ቤት ሐዘን የገባበት ነው። ሁለት ወር አይቀጣም። ይህ በጽሑፍ የትም የለም። «የሚጻፍ ነገር ነው እንዴ?» አሉኝ።

ጳጉሜን ጠየቅኋቸው። ትንሽ አሰቡና «ጳጉሜ የነሐሴ ጭራ ናት» አሉ። በጳጉሜ የከፈለ ለነሐሴ እንደከፈለ ይቆጠራል፣ ቅጣት የለውም። ይህን መቶ ዓመት ኮድ ባነብ አላገኘውም ነበር።

@ሌሊት_ፈረቃ እውነትህን ነው። ችግሩን ፈርቼ ነው መሰለኝ ኮዱን የምደበድበው፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው።

ሁለተኛ_ዓመት ጥቅምት 20፣ ማታ 2:45

ማሻ አላህ! አሁን ኮድ ሳትጽፍ ጉዳዮቹን ወረቀት ላይ ዘርዝር፤ መልሳቸውን ጸሐፊው ራሳቸው ይሙሉት። «እስከ ሐምሌ የከፈለ፣ ዛሬ ጳጉሜ 3፣ ስንት ዕዳ አለበት?» 50፣ ቅጣት የለም። «ያው ሰውዬ መስከረም 1 ላይስ?» 60 ከነሐሴ፣ የመስከረሙ 50 ገና ጊዜ አለው። «የዓመቱን የከፈለ፣ ዛሬ ግንቦት?» ዜሮ። ኮዱ እነዚህን እስኪመልስ አላለቀም። ስትጨርስ የሚነግርህ ወረቀቱ ይሆናል፣ ስሜትህ አይደለም።

ስለ ስም ፍለጋው፦ ሐሰን፣ ሀሰን፣ ኀሰን ብሎ የሚጽፍ ሦስት ሰው ይኖራል። ሲፈለግ ብቻ ሐንም ኀንም ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ መልሰህ አወዳድር። ሲታይ ግን ሰው ስሙን እንዳስጻፈው ተውለት። ለመለያ ለእያንዳንዱ ቤት ቁጥር ስጥ።

የጦሳ_ልጅ ጥቅምት 20፣ ማታ 3:05

ቁጥር አላቸው ለካ! መዝገቡ ላይ የገጽ ቁጥራቸው ነው። ጸሐፊው «ገጽ 37» ሲሉ ሰውየውን ማለታቸው ነበር።

ለወሩ ደግሞ ይህን አሰብኩ፤ አስተያየት ስጡኝ። ቀን አልመዘግብም፤ የተከፈለበትን ወር ነው የምመዘግበው። ዓመቱን በ12 አባዝቶ የወሩን ቁጥር መደመር። ነሐሴ 2017 ማለት 24,216፣ መስከረም 2018 ማለት 24,217። ልዩነታቸው 1 ነው፣ ጳጉሜ መሀል ላይ ብትኖርም። ዛሬ ጳጉሜ ከሆነ 13ን 12 ብሎ ማንበብ ብቻ ነው።

ቀጥታ_ኮድ ጥቅምት 20፣ ማታ 3:20

እሺ ይህቺ ቆንጆ ናት። ስንት መስመር ነበረ የድሮው?

የጦሳ_ልጅ ጥቅምት 20፣ ማታ 3:22

የቅጣቱ ክፍል ብቻ 85። አሁን 9።

ቀጥታ_ኮድ ጥቅምት 20፣ ማታ 3:41

ተረታሁ፣ ግን በግማሽ። ከተማ ውስጥ የሚከፍልህ ደንበኛ አራት ሰዓት ቡና አያፈላልህም። «አርብ አምጣ» ነው የሚልህ። ደግሞ ብዙው ሰው የሚፈልገውን የሚያውቀው ፊቱ ስታስቀምጥለት ነው። እነዚያ 41 ሰዎች ባይቀጡ ኖሮ ያ መዝገብ በረካውም ላይ አይፈታልህም ነበር። ስለዚህ ቶሎ አሳይ። ብቻ የመጀመሪያውን 140 ሰው ፊት አታሳይ፤ ለአንድ ሰው አሳይ።

ሌሊት_ፈረቃ ጥቅምት 20፣ ሌሊት 5:50

በዚህኛው ከቀጥታ ኮድ ጋር ነኝ። ሳይደርቅ በእርጥቡ።

የጦሳ_ልጅ ኅዳር 8፣ ማታ 1:15

ለጠየቃችሁኝ፦ ጸሐፊው 23 ጉዳይ በእጃቸው ሞሉልኝ። ኮዱ መጀመሪያ 19ኙን አለፈ። ከወደቁት አራት ሦስቱ የእኔ ጥፋት ነበሩ፤ አራተኛው ላይ ጸሐፊው ራሳቸው ደምረው ተሳስተው ነበር። ስነግራቸው መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ፣ እንደገና ደመሩ፣ «እንዳትናገር» አሉኝ። (ስም ስላልጠራሁ አልተናገርኩም።)

የጥቅምትን ሒሳብ በመዝገቡም በፕሮግራሙም ጎን ለጎን አወጣን፤ ገጠመ። መዝገቡን አልተዉትም፣ እንዲተዉም አልጠየቅሁም። መብራት በጠፋ ቀን እሱ ነው የሚሠራው። አሁን የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ዝርዝሩ በትልቅ ፊደል ይታተም፣ አንድ ገጽ ላይ 20 ሰው እንዳይበልጥ። ፍላጎት ጥናት ላይ ይህን ማን ይጠይቃል?

ሌሊት_ፈረቃ ኅዳር 8፣ ማታ 4:30

የእኛም ቅሬ ኮምቦልቻ ላይ ይህን ይፈልጋል። ኮፒ ትሰጠኛለህ? የእኛ ግን በየ15 ቀኑ ነው የሚሰበሰበው፣ ቅጣቱም በብር አይደለም፤ ያሳለፈ ሰው ድንኳን ተሸካሚ ይሆናል።

የጦሳ_ልጅ ኅዳር 8፣ ማታ 4:41

በየ15 ቀኑ? ጳጉሜን እንዴት ነው የምታደርጓት?

ሌሊት_ፈረቃ ኅዳር 8፣ ማታ 4:44

እኔ እንጃ። ጠይቄ አላውቅም።

የጦሳ_ልጅ ኅዳር 8፣ ማታ 4:46

ቅዳሜ እወርዳለሁ። ሐረጎ ላይ ሚኒባሱ ካልቆመብኝ ጠዋት 3 ሰዓት እደርሳለሁ። ኮፒውን አላመጣም፤ ሉክ ይዤ ነው የምመጣው። መዝገብ ያዡ ቡና ይጠጣሉ?